ከመፈክሩ በኋላ

ልጆቼ ይስቁብኛል። ዜና አንባቢዋ ወረቀቷን ሰብስባ፣ ሙዚቃው ተለቅቆ፣ የሠራተኞቹ ስም ቴሌቪዥኑ ላይ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር እንኳ ሪሞቱን ለማንም አልሰጥም። "አባዬ፣ አለቀ እኮ" ይሉኛል። አለቀ አላለቀ የማውቀው እኔ ነኝ እላቸዋለሁ። ባለቤቴም ለእንግዳ ሁሉ "ይሄ ሰውዬ ማስታወቂያ ሳይቀር ነው የሚሰማው" እያለች ታሳጣኛለች። ይህን ጠባይ ያመጣብኝ በደርግ ጊዜ በአንድ ልዩ በዓል ዋዜማና በዕለቱ የሆነ ነገር ነው። እናንተም ከነሱ ጋር ሆናችሁ ከመሳቃችሁ በፊት አንዴ ስሙኝ።

ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ላፍቶ ነው። ዛሬ የታክሲ ረዳቶች "ለቡ፣ ሀይሌ ጋርመንት" እያሉ የሚጮሁለት አገር ጤፍ የሚታጨድበት ማሳ ነበር፤ ከእኛ ሰፈር ወዲያ ከተማ ይኖራል ብሎ የሚያስብ አልነበረም። አባቴ ሞቷል። እናቴ ዘይነባ በልጅነቷ ከስልጤ አገር የመጣች፣ ጉሊት ላይ ሽንኩርትና ድንች እየሸጠች ያሳደገችን ሴት ናት። ታላቅ ወንድሜ ጀማል ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከተላከ ወዲህ ደብዳቤው ተቋርጧል። እናቴ ስለ እሱ አታወራም፤ ግን ፖስታ ቤት የሚሠራ ሰው በሰፈራችን ሲያልፍ ሚዛኗን ትታ ትነሳለች።

ትምህርት ላይ ያለ ልጅ አይነካም ይባል ነበር። ማትሪክ ተፈትኖ ነጥብ ያመጣ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ያልተፈተነውን ግን ቀበሌው ያውቀዋል፤ ቀጣዩ ዙር ሲመጣ መጀመሪያ የሚንኳኳው የእሱ ቤት ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ይህንን ግን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። "አንዱን ሰጥቻለሁ፤ አንተን እንኳ ማትሪክ ይያዝልኝ" ትለኝ ነበር። ማትሪክን ከነነፍሱ ደጃችን ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ ዘበኛ አድርጋ ነው የምታስበው።

ፈተናው ሊጀመር አንድ ሌሊት ሲቀረው የግቢው ሰው እንደ ወትሮው ጋሽ ተካ ደጃፍ ተሰበሰበ። ሰፈራችን መብራት ገና አልገባለትም፤ በግቢያችን ሬዲዮ ያላቸው ጋሽ ተካ ብቻ ናቸው። ስልክ መሥሪያ ቤት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ነገር አዋቂ ሽማግሌ ናቸው። ሬዲዮውን ለሁላችንም ያሰሙናል፤ በባትሪ ድንጋዩ ግን ቀልድ አያውቁም። ድንጋዩ ሲደክም ቀን ፀሐይ ላይ አስጥተው ማታ መልሰው ይከቱታል። አንድ ሕግም ነበራቸው። ዜናው ወይም መግለጫው አልቆ መፈክር ሲጀመር ሬዲዮው ይዘጋል። "ከመፈክር በኋላ ወሬ የለም" ይሉ ነበር፤ እውነትም ኖሮ አያውቅም። እኛም ለምደነው፣ "ኢትዮጵያ ትቅደም" የሚለው ሲሰማ ሁላችንም ከበርጩማችን እንነሳለን።

ያን ምሽት ከዜናው በፊት ማርሽ ተመታ። ማርሽ ሲመታ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። የወዳጅ አገር የክብር እንግዳ ስለሚመጡ ነገ ልዩ የሕዝብ በዓል ሆኖ እንዲውል ተወስኗል፤ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች ዝግ ይሆናሉ፤ ነዋሪው በየቀበሌው ተሰልፎ አቀባበል ያደርጋል ተባለ። ከዚያ መፈክሩ መጣ። የጋሽ ተካ እጅ ወደ ቁልፉ ሄደ፤ ቀጭ።

ሕፃናቱ ትምህርት የለም ብለው ግቢውን አተረማመሱት። አልማዝ ብቻ አልተነሳችም። አልማዝ የጎረቤቴ ልጅ ናት፣ የክፍሌም ልጅ። ቤተሰቦቿ ጴንጤ ናቸው፤ አባቷ በዚሁ ሰበብ ታስሮ የወጣ ስለሆነ በቤታቸው መዝሙር የሚዘመረው በሹክሹክታ ነው።

"ጋሼ፣ ፈተናውስ?" አለቻቸው።

"የምን ፈተና?"

"ነገ ማትሪክ እንጀምራለን እኮ።"

ጋሽ ተካ ትንሽ አሰቡ። "ትምህርት ቤት ዝግ ነው ተባለ አይደል? በዝግ ቤት ውስጥ ማን ማንን ይፈትናል?"

ይህን የመሰለ ነገር ማን ይከራከረዋል? የግቢው ሰው በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔማ ደስታዬን አልቻልኩትም። የመጀመሪያው ፈተና ሒሳብ ነበር፤ እኔና ሒሳብ ደግሞ ሰላምታ እንጂ ዝምድና አልነበረንም። አንድ ቀን ተጨመረልኝ ብዬ መጽሐፌን ከፍራሽ ሥር ከትቼ፣ ለወራት ያልተኛሁትን እንቅልፍ ተኛሁ።

በማግስቱ ገና ጎህ ሳይቀድ ቀበሌው ግቢ ተሰለፍን። መቅረት አይታሰብም፤ የቀረ ሰው ለወሩ ስኳር ቀበሌው ሱቅ ሲሄድ መልሱን ያገኘዋል። ሊቀመንበራችን ጓድ ወንድሙ ካኪ ልብሱን ለብሶ፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ስም ይጠራል። ያን ጊዜ ጓድ የሚለው ቃል አንቱታን ስላስቀረው እኛ ልጆቹም አንተ ነበር የምንለው፤ ፍርሃቱን ግን አላስቀረልንም። ወንድሜን ጀማልን ወደ መኪናው የሸኘው እሱ ነው።

እኔና አልማዝ ቁመታችን ስለሚቀራረብ ባነር ተሰጠን። እሷ አንዱን እንጨት፣ እኔ ሌላውን ይዘን ጨርቁን ወጠርነው። ቀይ ጨርቅ ላይ በቢጫ ቀለም "መሃይምነት ይጥፋ" ይላል። በበሩ አጠገብ የቀበሌው ፒክአፕ ቆማለች፤ ከኋላዋ ሞንታርቦ ተጭኗል፤ ሬዲዮው ከሞንታርቦው ጋር ስለተያያዘ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። ማርሽ ተመታ። የማታው መግለጫ ተደገመ። መፈክሩም መጣ፤ እኛም እጃችንን አንስተን ተቀበልን።

ቀጭ የሚያደርግ ሰው አልነበረም።

"በተያያዘ ዜና" አለ ሞንታርቦው፣ "በዛሬው ዕለት የሚጀመረው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በተያዘለት ፕሮግራም መሠረት በየመፈተኛ ጣቢያው የሚሰጥ መሆኑን እናስታውቃለን።"

ባነሩ በእኔ በኩል ዘመመ። አልማዝ ፊቷን ሳታዞር፣ "ሸምሱ፣ ሰማህ?" አለችኝ። ሰምቻለሁ። መፈተኛ ጣቢያችን ቄራ በኩል ያለው ትምህርት ቤት ነው። ሦስት ሰዓት ሲል በሩ ይዘጋል። አውቶቡስ የለም፤ ሁሉም ሰልፈኛ ለማመላለስ ተወስደዋል። መንገዱ ለእንግዳው ሲባል ከጎፋ ማዞሪያ ጀምሮ ተዘግቷል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከሰልፍ መውጣት የለም።

ከሴቶቹ ረድፍ እናቴ ስትወጣ አየኋት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ በቀጥታ ወደ ጓድ ወንድሙ ሄደች። አንዱ አብዮት ጥበቃ ሊያስቆማት ሞከረ፤ እሷ ግን ያየችውም አልመሰለኝም።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጄን ልቀቅልኝ። ፈተና አለበት።"

"ጓዲት ዘይነባ፣ ወደ ረድፍሽ ተመለሺ። ማታ በሬዲዮ ተነግሯል። ተፈታኝ ያለው ሰው ማታውኑ መጥቶ ማስፈቀድ ነበረበት። አሁን አንዱን ብለቅ ሁሉም ምክንያት ያመጣል።"

"ወላሂ ማታ አልሰማንም።"

"እንዴት አልሰማችሁም? እናንተ ግቢ ሬዲዮ አለ አይደል?"

መልሱን የግቢያችን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ አደገኛነቱንም ያውቀዋል። መፈክር ሲባል ሬዲዮ ዘጋሁ ማለት በዚያ ዘመን ራስን አድኃሪ ብሎ ማስመዝገብ ነው። ከዚህ ባነሰ ነገር የታሰሩ ሰዎች እናውቃለን። ዓይኔን ወደ ጋሽ ተካ እንዳልልክ መሬት መሬት አየሁ።

"እኔ ነኝ የዘጋሁት" አሉ ጋሽ ተካ ከሽማግሌዎቹ ረድፍ።

ጓድ ወንድሙ ዞር ብሎ አያቸው። "መቼ ነው የዘጋኸው?"

"መፈክሩ ሲጀመር።"

"መፈክር ላይ?"

"መፈክሩንማ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ከፈለግክ አሁን ልበልልህ። ድንጋዩን የምቆጥበው ለማላውቀው ነገር ነው።"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን ወደ ሳል ለወጠ። ጓድ ወንድሙ አልሳቀም፤ ግን አልተቆጣም። ምን እንደሚያደርግ የቸገረው ሰው ፊት ነበር ያየሁበት። ጋሽ ተካም ያንን አይተውታል መሰለኝ፣ ከረድፋቸው ወጥተው ቀረብ አሉት። ድምፃቸውን ዝቅ ቢያደርጉም እኔ ባነሩን ይዤ አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁ።

"ልቀቃቸው አልልህም። ሊቀመንበር ነህ፣ መልቀቅ አትችልም። ግን የኛ ቀበሌ ባነር ከሌሎቹ ቀድሞ ቢታይ ምን ይልሃል? ልጆቹ ባነሩን ይዘው ይቅደሙ። እኔ እመራቸዋለሁ። ከሰልፍ የወጣ ሰው አይኖርም፤ ሰልፉ ቀድሞ ሄደ እንጂ።"

ጓድ ወንድሙ ባነሩን አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። "ምንድን ነው የመጀመሪያው?" አለኝ።

"ሒሳብ።"

ፊሽካውን ነፋ። "ባነር ይቅደም" አለ ሁሉም እንዲሰማ። ዞር ከማለቱ በፊት ግን ለጋሽ ተካ ብቻ፣ "በቄራ በኩል ነው የምትሄዱት" አላቸው።

ከግቢው በሰልፍ ወጣን፤ ከበሩ እንዳለፍን ሮጥን። ጋሽ ተካ እንደ ጎረምሳ ባይሮጡም ወደ ኋላ አልቀሩም። የፈተና መግቢያ ካርዳችን ቤት ስለሆነ ተከትላን የወጣችው እናቴ የሁለታችንንም ልታመጣ ወደ ግቢያችን ስትሮጥ በዓይኔ ሸኘኋት። ማንበብ ባትችልም ፎቶግራፋችን ካርዱ ላይ አለ።

ጎፋ ማዞሪያ ስንደርስ ወታደሮች መንገዱን በገመድ ዘግተዋል። ዘንቢል የያዘችን ሴት እየለመነቻቸው መለሷት። ብስክሌት የያዘ ሰውም ተመለሰ። ጋሽ ተካ፣ "ጨርቁን ወጥሩት፣ ቀና በሉ" አሉንና ፊት ፊት መሄድ ጀመሩ።

"ወዴት ነው?" አለ ወታደሩ።

"ወደ ሰልፉ ነዋ።"

"ሦስት ሰው ነው ሰልፍ የሚባለው?"

"የቀረው ከኋላ እየመጣ ነው። እኛ ግንባር ቀደም ነን።"

ወታደሩ ባነሩን ቀስ ብሎ፣ በከንፈሩ እያነበበ አየው። መሃይምነት ይጥፋ። ገመዱን አነሳልን። ያን ቀን በዚያ መንገድ ሰው አያልፍም፤ ባነር ግን ያልፋል።

ገመዱን እንዳለፍን አልማዝ ቆመች። "ጋሼ፣ እዚህ ጎፋ ውስጥ የክፍላችን ልጆች አሉ። ቀበሌያቸው ለአደባባዩ ስለሚቀርብ የሚሰለፈው አርፍዶ ነው፤ ተኝተው ይሆናል።"

"ሰዓት የለንም" አልኳት። እውነቴን ነበር።

"አንቆምም። እየሄድን እንጮሃለን።" ብላ ከዚያ በፊት መፈክር ስትል ሰምቻት የማላውቃት ልጅ፣ በሹክሹክታ ስትዘምርበት የኖረችውን ድምፅ ለቀቀችው። "የአሥራ ሁለተኛ ክፍል!"

ጋሽ ተካ ወዲያው ገባቸው። "ፈተና አለ!" ብለው ተቀበሉ።

እንደ ሰልፍ መፈክር እየተቀባበልን በጎፋ ሰፈር መሐል አለፍን። "ማትሪክ" ትላለች፤ "አለ" እንላለን። መጀመሪያ አንድ መስኮት ተከፈተ። ጋቢ የለበሰ ልጅ ብቅ አለ፤ አውቀዋለሁ፣ ከእኔ ኋላ የሚቀመጥ ነው። "እውነት ነው?" አለ። "በሬዲዮ ተነግሯል፣ ካርድህን ያዝ" አልነው። ከዚያ ሌላ በር። ከዚያ ሁለት እህትማማቾች ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው። አንዲት እናት ልጇን በእርሳስ ስታባርረው አየሁ። ለካ ሬዲዮ የሚዘጋው በእኛ ግቢ ብቻ አልነበረም። ቄራ ስንቃረብ ከኋላችን የሚመጣው እውነተኛ ሰልፍ ሆኖ ነበር፤ የሁለተኛው ገመድ ወታደሮች ሳይጠይቁን ነው ያነሱልን።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ በሩን ገርበብ አድርጎ ቆሟል። "ሰልፍ እዚህ አይደለም፤ አደባባይ ሂዱ" አለን።

"ተፈታኞች ነን" አለችው አልማዝ።

"ካርድ።"

ከኋላችን የመጡት ሁሉ ካርዳቸውን እያሳዩ ገቡ። ጋቢ የለበሰው ገባ። እህትማማቾቹ ገቡ። ባነሩን ይዘን ሁሉንም ያመጣነው ሁለት ሰዎች ውጭ ቀረን። እናቴ የለችም። ያኔ ነው የገባኝ፤ እናቴ ካርድ እንጂ ባነር አልያዘችም። ጎፋ ገመዱ ላይ እንደዚያች ዘንቢል እንደያዘችው ሴት እየለመነች ታየችኝ።

ጋሽ ተካ ዘበኛውን ለመኑት። ዘበኛው ክፉ ሰው አልነበረም። "አባቴ፣ ያለ ካርድ ባስገባ ነገ እኔ የለሁም። ደወሉ እስኪደወል እጠብቃችኋለሁ" አላቸው። ጋሽ ተካ በሩ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። "እኔ ነኝ" አሉ ለራሳቸው። "ለአንድ ባትሪ ድንጋይ ስል።" በሕይወቴ ሒሳብ ለመፈተን ያን ያህል የጓጓሁበት ቀን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም።

መጀመሪያ የሰማነው ማርሹን ነው። ከሩቅ፣ ከጎፋ በኩል። ድምፁ እየጎላ መጣ፤ ከዚያ የቀበሌያችን ፒክአፕ ኩርባውን ዞራ ብቅ አለች። ሞንታርቦው ያጓራል። ከሞንታርቦው ጎን፣ በአንድ እጇ ብረቱን ጨብጣ፣ ሌላኛውን እጇን ከነካርዶቹ ወደ ሰማይ ዘርግታ እናቴ ተቀምጣለች። ነጠላዋ በንፋሱ ተርገብግቦ ከኋላዋ ይታያል። የክብር እንግዳው እሷ ናት ብትሉኝ አምናችሁ ነበር።

ጓድ ወንድሙ ከጋቢናው ወረደ። እኛን አላየንም፤ ወይም እንዳላየ ሆነ። "ባነሩን ልወስድ ነው የመጣሁት" አለ ለጋሽ ተካ ኮስተር ብሎ። "ቀበሌ ያለ ባነር አደባባይ አይገባም።"

እንጨቶቹን አስረከብነው። እናቴ ካርዶቹን ሰጠችን፤ ከጉያዋም ሁለት እርሳስ አወጣች፣ በሽንኩርት ቢላዋ የተቀረጹ። "ግባ" አለችኝ። ደወሉ ሲደወል የበሩን ደፍ እየተሻገርን ነበር።

እንጨት የያዘው እጄ ለመጻፍ እምቢ ብሎ ስለነበር የመጀመሪያውን ጥያቄ የመለስኩት ግራ እጄ ቀኙን ደግፎት ነው። ከውጭ የሞንታርቦው ድምፅ ወደ አደባባዩ እየራቀ ሲሄድ ይሰማኛል። ሒሳብን ያን ቀን ታረቅኩት።

ሁለታችንም አለፍን፤ አልማዝም እኔም። ውጤቱ የተለጠፈ ቀን እናቴ ሚዛኗን ሰብስባ ውላለች፤ ድንቹን ለጎረቤት አደለችው። የዚያ ዓመት ዙር ሲመጣ ደጃችን አልተንኳኳም። ጀማልም መንግሥት ሲለወጥ፣ ከስቶና ጠቁሮ፣ ከሰሜን በእግሩ ቤቱ ገባ። ያኔ የቀበሌ ሊቀመንበሮች በሕዝብ ፊት ቆመው ሲጠየቁ እናቴ ሄዳ ተናገረች። "የወሰደብኝን ልጅ አልረሳሁም፤ የመለሰልኝንም አልረሳም" አለችና ተቀመጠች። ከዚያ የተሻለ ፍርድ እስካሁን አልሰማሁም።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ነገር አልለቀቀኝም። አንዱ ልጆቼ የሚስቁበት ነው፤ ሁሉም ነገር አለቀ ሲባል ጆሮዬ አያምንም። ሌላውን ግን ለሳቅ አልሰጠውም። አይቻልም የሚል ሰው ሲገጥመኝ ሰውየውን እንጂ ቃሉን አላይም። "ልቀቀኝ" ከማለቴ በፊት፣ እሱ ሳያፍርና ሳይፈራ ሊያደርገው የሚችለው ነገር ምንድን ነው ብዬ እጠይቃለሁ። በሥራ ዘመኔ ስንት የተዘጋ በር በዚህ እንደተከፈተልኝ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ያስተማሩኝ ጋሽ ተካ ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲ ይህንን አላስተማረኝም።

መንግሥት ከመለወጡ በፊት፣ ተመርቄ የመጀመሪያ ደመወዜን ስቀበል አንድ ካርቶን ባትሪ ድንጋይ ገዝቼ ሄድኩላቸው። ካርቶኑን ከፍተው አገላብጠው አዩት። "ይሄ ሁሉ ፀሐይ ላይ ሳይሰጣ ሊያልቅ ነው?" አሉና ሬዲዮውን ከፈቱ። ዜናው ተነበበ። መፈክሩ ሲጀመር እኔ በልማድ ተነሳሁ፤ የእሳቸውም እጅ በልማድ ወደ ቁልፉ ተዘረጋ። መሐል መንገድ ላይ አቆሙት፤ መልሰው ጭናቸው ሥር ሸጎጡት።

"ተቀመጥ" አሉኝ።

ከመፈክሩ በኋላ ምንም አልነበረም፤ ሙዚቃ ብቻ። እስኪያልቅ ድረስ ሰማነው።